ባለ አንድ ሊትሩ የኦአርኤስ ፓኬት፦ ከአንድ የኬሚስትሪ መምህር ጠረጴዛ የተጻፈ ግምገማ

ክረምት ሲገባ ተቅማጥ የልጆችን ቤት ማንኳኳቱ ስለማይቀር፣ ባለፈው ሐምሌ ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት ስድስት የኦአርኤስ ፓኬቶች ገዛሁ። ብዙ እናቶች «ለምለም» እያሉ የሚጠሩትን፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የግሉኮስ ዱቄት ማለቴ ነው። ሁለቱን ፓኬቶች ለቤት አስቀመጥኳቸው፤ አራቱን ግን ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ወስጄ መዘንኳቸው፣ በጠበጥኳቸው፣ አነጻጸርኳቸው። በገዛሁበት ቀን የአንዱ ፓኬት ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያነሰ ነበር፤ በዚህ ገንዘብ ከሚገዙ ነገሮች መካከል ይህን ያህል የታሰበበት ሌላ ዕቃ አላውቅም። ሆኖም አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ከዱቄቱ ሳይሆን ዱቄቱ ከሚገባበት ውኃ ልክ ጋር የተያያዘ ነው። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ጉዳዩ የአንድ አምራች ስላልሆነ ነው፤ ቀመሩን ያወጡት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በመሆናቸው፣ ይህንኑ ቀመር የሚከተል ማንኛውም ባለ አንድ ሊትር ፓኬት በኬሚስትሪው አንድ ነው።

ፓኬቱ አልሙኒየምና ፕላስቲክ ከተነባበሩበት ቅጠል የተሠራ ሲሆን፣ ጠርዙ በጥፍር ሲቀደድ ያለ ችግር ይከፈታል። ውስጡ ያለው ዱቄት ነጭና ደቃቅ ነው፤ ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት ምንም ሽታ የለውም። በጀርባው ላይ እንደተጻፈው 13.5 ግራም ውኃ አልባ ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማለትም የምናውቀው የወጥ ጨው፣ 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት እና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ይዟል፤ ድምሩም 20.5 ግራም ነው። የአንዱን ፓኬት ዱቄት በትምህርት ቤታችን ሚዛን ስመዝነው 20.4 ግራም አገኘሁ፤ የጎደለው ከቅጠሉ ጥግ ላይ ተጣብቆ የቀረው ብናኝ መሆኑን ፓኬቱን ገልብጬ ሳየው አረጋገጥኩ። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚበጠብጥ ሰው ፓኬቱን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ጥግ ጥጉን መታ መታ አድርጎ እንዲያራግፈው እመክራለሁ።

የመጀመሪያው ፈተና የመሟሟቱ ነገር ነበር። አንድ ሊትር ውኃ በመስፈሪያ ጠርሙስ ለክቼ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑን አይቼ፣ ዱቄቱን ጨመርኩና በንጹሕ ማንኪያ አማሰልኩት። አንድ ደቂቃ ያህል ከተማሰለ በኋላ ውኃው ኩልል አለ፤ ከሥሩ ምንም ዝቃጭ አልቀረም፤ በብርሃን ፊት ሳነሣውም ከተራ ውኃ መለየት አልቻልኩም። ሁለተኛውን ፓኬት በሌላ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አድርጌ ሳላማስል ተውኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሥሩ ነጭ ንጣፍ ይታይ ነበር፤ ከንጣፉ በላይ ደግሞ ከጋለ አስፋልት ላይ እንደሚነሣው ነጸብራቅ የሚርገበገቡ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። እነዚህ መስመሮች ጨውና ስኳር የበዛበት ከባድ ውኃ ከታች፣ ቀላሉ ደግሞ ከላይ መሆናቸውን የሚያሳዩ ናቸው። ሳያማስሉ ከላይ ቀድቶ የሚያጠጣ ሰው ልጁን መጀመሪያ ተራ ውኃ ቀረሽ ነገር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ጨው ያጠጣዋል ማለት ነው። «በደንብ ያማስሉ» የሚለው ትእዛዝ በፓኬቱ ላይ መጻፉ ተገቢ ነው፤ እኔ ብሆን ግን ከዚያ ጎን «ከሥሩ ምንም እስከማይታይ ድረስ» የሚል እጨምርበት ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያደባልቁትን ነገር ላንሣ። ፈጥኖ መሟሟትና ብዙ መሟሟት አንድ አይደሉም። አሞሌ ጨው ሙሉውን ውኃ ውስጥ ብናስቀምጠው ለመሟሟት ረጅም ሰዓት ይወስድበታል፤ ያንኑ አሞሌ ወቅጠን ብናደቀው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ውኃው የሚነካው የጨው ገጽ በመውቀጡ እጅግ ይሰፋል። ነገር ግን ያው አንድ ሊትር ውኃ በመጨረሻ ሊሸከመው የሚችለው የጨው መጠን፣ ጨው በአሞሌም ይምጣ በዱቄት፣ አይለወጥም፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት 359 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የጨመርነው ጨው የፈለገውን ያህል ብናማስለው ከሥር ይቀራል፤ በዚያን ጊዜ ሙሙቱ፣ ማለትም ጨው የሟሟበት ውኃ፣ ጠግቧል እንላለን። ማማሰል፣ ማድቀቅና ማሞቅ ፍጥነቱን ይጨምራሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ የጥጋቡን ወሰን የሚነካው ማሞቅ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ውኃውን እስከ 100 ዲግሪ ብናሞቀው የወጥ ጨው የመሟሟት አቅም ወደ 390 ግራም ብቻ ከፍ ሲል፣ የፖታሲየም ክሎራይዱ ግን ከ340 ግራም ገደማ ወደ 560 ግራም ይዘልላል። የፓኬቱ አምራቾች ዱቄቱን አድቅቀው ማቅረባቸው ስለዚህ ከፍጥነቱ አንጻር ትልቅ ውለታ ነው፤ ለብ ባለም ሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ለመበጥበጥ ምንም የተለየ ብልሃት አይጠይቅም።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ሊትር ውኃ 359 ግራም ጨው መሸከም ከቻለ፣ የፓኬቱ 2.6 ግራም ከዚያ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ግሉኮሱም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ በክፍል ሙቀት ወደ 900 ግራም ግሉኮስ ሊያሟማ ይችላል፤ ፓኬቱ ውስጥ ያለው 13.5 ግራም ነው። ይህ ማለት አሥር ፓኬት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ብንገለብጥ እንኳ ሁሉም ይሟሟል፣ ውኃውም ኩልል ብሎ ይታያል። ይህን ለማሳየት ሦስተኛውን ፓኬት በግማሽ ሊትር፣ አራተኛውን ደግሞ በአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ በጠበጥኩና ሦስቱን ሙሙቶች በተመሳሳይ ብርጭቆ ቀድቼ በጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። የክፍሉን ተማሪዎች እየጠራሁ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሁሉም አጎንብሰው፣ ብርጭቆዎቹን ወደ መስኮቱ አዙረው ተመለከቱ፤ በዓይኑ ብቻ የለየ አንድም ተማሪ አልነበረም።

ሲኒ ሥር ስኳር ሲቀር «ስኳሩ በዛ» እንላለን፤ ወጥ ላይ ጨው ሲበዛ ምላስ ይነግረናል። በዚህ ምርት ላይ ግን ዓይን ምንም አይነግርም፤ የሚቀምሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መናገር የማይችል ሕፃን ነው። ኩልል ማለት ዱቄቱ መሟሟቱን ብቻ ያረጋግጣል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ምን ያህል እንደሟሟ፣ እኛ መምህራን ኮንሰንትሬሽን የምንለውን ነገር፣ አይናገርም። ይህን ልዩነት ለአሥር ዓመት በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኖርኩ በኋላ፣ ጉዳዩ በራሴ ቤተሰብ ውስጥ ሆኖ ሳየው ነው ክብደቱ የገባኝ። የእህቴ ልጅ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ሕፃን ሳለ ተቅማጥ ያዘው፤ እህቴም ፓኬቱን ገዝታ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣ ታጠጣው ጀመር። «ሊትር ሙሉ የት ይችላል? ለእርሱ ብርጭቆ ይበቃዋል ብዬ ነው» አለችኝ በኋላ። አስተሳሰቧ የእናት አስተሳሰብ ነበር፤ የልጁን ሆድ ለክታ ነው ውኃውን የቀነሰችው። ልጁ ግን ጥሙ ባሰበት፣ ተቅማጡም በረታ፣ ያጠጣችውንም መለሰው። ደውላልኝ የበጠበጠችበትን ብርጭቆ ስትነግረኝ፣ ቀሪውን ደፍታ በአንድ ሊትር እንደ አዲስ እንድትበጠብጥና ልጁን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስደው ለመንኳት። ዛሬ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እኔ ግን ያን ቀን ስልኬን ይዤ የቆምኩበትን ቦታ አልረሳም።

በብርጭቆው ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ እንዳለ አይቀመጥም፤ የውኃ ሞለኪውል በኦክስጅኑ በኩል ጥቂት ኔጋቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ጥቂት ፖዚቲቭ ስለሆነ፣ የሶዲየሙንና የክሎራይዱን አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ቅንጣቶች፣ ከየአቅጣጫው ከብቦ እየሳበ ይለያያቸዋል። ከአንድ ሶዲየም ክሎራይድ ሁለት፣ ከአንድ ትራይሶዲየም ሲትሬት ደግሞ አራት ቅንጣቶች ይወጣሉ። ግሉኮስ ግን አይከፈልም፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል በውኃ ተከቦ እንዳለ ይንሳፈፋል። ፓኬቱ በአንድ ሊትር ሲበጠበጥ 75 ሚሊሞል (ሚሊሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ሶዲየም፣ 65 ሚሊሞል ክሎራይድ፣ 20 ሚሊሞል ፖታሲየም፣ 10 ሚሊሞል ሲትሬት እና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ ይሰጣል፤ ድምሩ 245 ነው። የደማችን ውኃማ ክፍል ያለው የቅንጣት ድምር 290 ገደማ በመሆኑ፣ ትክክለኛው ሙሙት ከደም ጥቂት ይቀጥናል፤ ውኃም ቅንጣት ወደ በዛበት እንጂ ወደ አነሰበት ስለማይጎተት፣ ከአንጀት ወደ ደም መግባት ይቀለዋል። በግማሽ ሊትር ሲበጠበጥ ድምሩ 490፣ በ200 ሚሊ ሊትር ሲሆን ደግሞ 1,225 ይደርሳል፤ ሶዲየሙ ብቻ 375 ሚሊሞል ይሆናል። በዚያን ጊዜ ውኃው ወደ ደም መግባቱ ይቀርና ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፤ መድኃኒቱ በሽታውን ያግዛል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሁለት ሊትር ውኃ ውስጥ መጨመርም ስህተት ነው፤ ልጁ ያጣውን ጨው ሳይተካ ሆዱ በውኃ ብቻ ይሞላል።

ስለዚህ የዚህ ምርት ዋጋ በሙሉ የሚያርፈው በአንዲት ሊትር ላይ ነው፤ ሊትሯ ግን በፓኬቱ ውስጥ የለችም። ገዢው ከየትም ፈልጎ እንዲያመጣት ይጠበቃል። በብዙ ቤቶች ያለው መስፈሪያ ብርጭቆ፣ ጣሳ ወይም ጆግ ነው፤ የእያንዳንዱም ልክ እንደየቤቱ ይለያያል። እኔ ራሴ ለዚህ ሥራ ብዬ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ መስመር የተሠመረበት የፕላስቲክ ጆግ ገዝቼ ነበር፤ «1 ሊትር» ከሚለው መስመር ድረስ ሞልቼ በቤተ ሙከራ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው የውኃው ክብደት 1,140 ግራም ሆነ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን ስላለበት፣ መስመሩ ከትክክለኛው በ14 በመቶ ይበልጣል። ይህን ያህል ስህተት ልጅን ለአደጋ ባያጋልጥም፣ ታትሞ የሚሸጥ መስመር ሁሉ የሚታመን እንዳልሆነ ያሳያል። የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው የራሱን ዕቃ በዚህ መንገድ በቀላሉ መፈተሽ ይችላል፤ ባዶውን መዝኖ፣ ሞልቶ መዝኖ፣ ልዩነቱ 1,000 ግራም የሚሆንበት ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

ሚዛን ለሌለው ሰው እስካሁን ያገኘሁት የተሻለ መፍትሔ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው ባለ አንድ ሊትር የታሸገ ውኃ ጠርሙስ ነው። ነገር ግን የግማሽ ሊትሩና የሁለት ሊትሩ ጠርሙስም በየቤቱ ስላለ፣ ከመሙላት በፊት በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል፤ የግማሽ ሊትሩ ከሆነ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ወደ ንጹሕ ማሰሮ መገልበጥ ይበቃል። ጠንቃቃ ተማሪ «ዱቄቱ ሲጨመር ይዘቱ ከሊትር አያልፍም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በቤተ ሙከራ ሕግ ዱቄቱን አሟምቶ እስከ መስመሩ ድረስ መሙላት ትክክለኛው አሠራር ነው፤ እዚህ ግን ልዩነቱ ወደ አንድ በመቶ ብቻ ስለሆነ እናቶችን በዚህ ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም። ግማሹን ፓኬት ለግማሽ ሊትር አደርጋለሁ የሚል ሰው ግን ይታቀብ፤ አራቱ ዱቄቶች በየቅንጣታቸው መጠንና ክብደት የተለያዩ በመሆናቸው በጉዞና በመነቅነቅ ውስጥ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በማንኪያ የተከፈለ ግማሽ ፓኬትም የጨውና የግሉኮሱን ግማሽ በእኩል ይዟል ብሎ ማመን አይቻልም።

የዱቄቱ ቀመር ራሱ ግን ከሚሰጠው በላይ ምስጋና ይገባዋል። በ1960 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ሮበርት ክሬን ፕራግ ላይ እንዳቀረበው፣ የአንጀት ግድግዳ ግሉኮስንና ሶዲየምን አብረው ሲመጡ በአንድ በር ያስገባቸዋል፤ ውኃም ተከትሏቸው ይገባል። ተቅማጥ በጸናበት ሰዓት እንኳ ይህ በር አይዘጋም። ስለዚህ ስኳር ብቻ ወይም ጨው ብቻ የማይሠራውን ሁለቱ ተባብረው ይሠራሉ፤ ፓኬቱ ውስጥ ሶዲየሙም ግሉኮሱም 75፣ 75 ሚሊሞል የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። በዚያው አቆጣጠር በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ፣ በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ቦንጋኦን በተባለው ስፍራ ስደተኞችን ኮሌራ ሲፈጃቸው፣ የደም ሥር ፈሳሽ ያለቀበት ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በአንድ ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ እያስበጠበጠ በየበርሜሉ አድርጎ አጠጣቸው። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ያን ያህል ሕይወት ያተረፈው ነገር ሦስት ተራ ነጭ ዱቄቶች በልካቸው ውኃ ውስጥ መሟሟታቸው መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

በኋላም ቀመሩ ተሻሽሏል። የቀድሞው ፓኬት 3.5 ግራም ጨውና 20 ግራም ግሉኮስ ይዞ የቅንጣቱ ድምር 311 ነበር፤ ማለትም ከደም ጥቂት ይበልጥ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2002 ወዲህ የተተካው የዛሬው ባለ 245 ቀመር የደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ቁጥር በሦስተኛ እጅ፣ ትውከትንም በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቤኪንግ ሶዳውም በሲትሬት ተተክቷል፤ ምክንያቱም ሶዳው በሙቀትና በእርጥበት ከግሉኮሱ ጋር እየተገናኘ ዱቄቱን ያበላሽ ነበር። አሮጌ ክምችት የሚሸጥ ካለ ለማወቅ ድምሩን ማየት ይበቃል፤ በጀርባው ያለው የግራም ድምር 20.5 ካልሆነ ሌላ ይጠይቁ።

ስለ ውኃው ጥቂት ልበል። መመሪያው ንጹሕ ውኃ ይላል፤ በአብዛኛው ቤት ይህ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በደጋ አገር ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ማፍላት፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መለካት፣ በመጨረሻ መበጥበጥ። ከተበጠበጠ በኋላ የሚያፈላ ሰው ውኃውን በእንፋሎት ያሳጣዋል፤ ጨውና ግሉኮሱ ግን አብረው ስለማይተኑ የቀረው ይወፍራል። የፈላ ውኃ አፍ ላይ የሞተ ይመስላል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ጨውን የሚያሟማው ሙቀት አየርን ያስወጣል፤ ጋዞች በሙቅ ውኃ ውስጥ የመሟሟት አቅማቸው ስለሚቀንስ በማፍላት ጊዜ የሟሟው ኦክስጅን ይወጣል። የቀዘቀዘውን ውኃ ከአንዱ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ እየገለበጡ መቅዳት ጣዕሙን ይመልሰዋል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለሚኖሩ አንባቢዎች ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በዚያ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ይሰጣሉ፤ ፍሎራይዱም የሟሟ ስለሆነ አይታይም፣ በማፍላትም አይወጣም። ለሕፃን የሚበጠበጥበት ውኃ የተሻለ ምንጭ ካለ ከዚያ ቢሆን ይመረጣል።

ጣዕሙን ቀምሼዋለሁ። በትክክል የተበጠበጠው ለስላሳ ጨዋማነት ከቀላል ጣፋጭነት ጋር ያለው፣ እንባ የሚመስል ነው፤ የግማሽ ሊትሩ ምላስ ላይ ይከብዳል፣ የብርጭቆውን ደግሞ መዋጥ ያስቸግራል። ልጆች እንዲወዱት ብሎ ስኳር፣ ጁስ ወይም ለስላሳ መጠጥ የሚጨምር ሰው የተመጠነውን ድምር ያፈርሰዋል። የብርቱካን ወይም የሎሚ ጣዕም የተጨመረባቸው ፓኬቶችም ገበያ ላይ አሉ፤ የግራም ቀመራቸው ያው እስከሆነ ድረስ የምቃወማቸው አይደለሁም፤ እምቢ ለሚል ልጅ ያግዛሉ። ልጁ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ በማንኪያ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ልዩነት መቀጠል ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የደከመ ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ግን የሚያስፈልገው የጤና ጣቢያ እንጂ የቤት ሕክምና አይደለም።

አቀማመጡን በተመለከተ አንድ ፓኬት አሳዝኖኛል። ለቤት ካስቀመጥኳቸው ሁለት ፓኬቶች አንዱን ጠርዙ የተሸረፈ መሆኑን ሳላስተውል በወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ትቼው ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ሳገኘው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ግሉኮስ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ የሳበውም እርጥበት የቅንጣቶቹን ገጽ ያሟማል፣ ሲደርቅ ደግሞ አንዱን ከሌላው ያያይዘዋል። ማር በማሰሮ ውስጥ ሲረጋ የምናየው ነጭ ቅንጣትም ይኸው ግሉኮስ ነው፤ ማር ከሚችለው በላይ ስኳር የሟሟበት ሙሙት ስለሆነ፣ ከሁለቱ ስኳሮች በቀላሉ የማይሟሟው ግሉኮስ ቀድሞ ይለያል። የረጋ ማር አልተበላሸም፤ የጠጠረና ቀለሙ የተለወጠ የኦአርኤስ ፓኬት ግን መጣል አለበት። አልሙኒየሙ ቅጠል የተመረጠው ለዚህ ነው፤ ሲገዙ ፓኬቱን በጣት ጫን ጫን ብለው ዱቄቱ በነፃነት መንቀሳቀሱን ይፈትሹ። የተበጠበጠው ሙሙት ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም፤ ስኳርና ጨው ያለበት ውኃ ለተሕዋስያንም ምግብ ነውና።

ፓኬት በማይገኝበት ሰዓት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ይህ ጊዜያዊ መሻገሪያ ነው፤ ፖታሲየምና ሲትሬት የለበትም፣ የማንኪያውም ልክ ከእጅ እጅ ይለያያል። የፓኬቱ ብልጫ በዚህ ንጽጽር ጎልቶ ይታያል።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። በያዝኳቸው ፓኬቶች ላይ የውኃው ልክ በሰባት ቃላት መካከል፣ ከአምራቹ አድራሻና ከባች ቁጥሩ ባልበለጠ ፊደል ተጽፏል። የቀመሩ የግራም ሠንጠረዥ ግን ግማሽ ጀርባውን ይዟል። ሠንጠረዡ ለእኔ ይጠቅመኛል፤ ሌሊት በሻማ ለምትበጠብጥ እናት የሚጠቅማት ግን «1 ሊትር» የሚል፣ ከሩቅ የሚነበብ ቁጥርና የጠርሙስ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ብርጭቆ ያተሙ አምራቾችም አሉ፤ የእህቴን ስህተት የጋበዘውም ይህ ዓይነቱ ሥዕል ይመስለኛል። ባለ ሊትር መስመር ያለው ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢት ከፓኬቱ ጋር አብሮ ቢሸጥ፣ ዋጋው በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ።

ፓኬቱን ስገዛ መድኃኒት ቤቱ የዚንክ ክኒንም አብሮ ሰጥቶኛል። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነው 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ክኒኑ በማንኪያ ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት ላይ ሲቀመጥ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይበተናል፤ የሚተወው ግን ኩልል ያለ ውኃ ሳይሆን ድፍርስ ነው። ዚንኩ ይሟሟል፤ ክኒኑን አያይዞ የያዘው ነገር ግን የማይሟሟ ስለሆነ በማንኪያው ሥር ይዘቅጣል፣ ዚንኩንም ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ልጁ ከዋጠ በኋላ በዚያው ማንኪያ ላይ ጥቂት ውኃ ጨምሬ፣ አወዛውዤ፣ ያንንም አጠጣዋለሁ።